የጨዋታ ደንብና የተጫዋች ደስታ

ሰው በሥራ ብቻ አይኖርም፤ ጨዋታም ይሻል። ሕፃን በአፈርና በጠጠር፣ ወጣት በኳስና በገና፣ ጐልማሳ በዳማና በካርታ፣ አረጋዊም በወግና በተረት ይጫወታል። ይሁን እንጂ ጨዋታ ሲባል ዝም ብሎ መፈንጠዝ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ጨዋታ የራሱ የሆነ ደንብ አለው፤ ደንቡ ቢጠፋ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀርና ግርግር ይሆናል። እንግዲህ ብዙ ሰዎች አብረው የሚጫወቱትን ጨዋታ አንድ ሰው ተነሥቶ ደንቡን ቢለውጠው የተጫዋቾቹ ደስታ ምን ይሆናል? ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? በዚህ ድርሰት ከእናንተ ከወጣት አንባቢዎች ጋር ልመረምረው የምሻው ይህን ጥያቄ ነው።

«ስለ ጨዋታ ምን ቁም ነገር ይነገራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ጨዋታን እንደ አንድ ትንሽ ዓለም አየዋለሁ። በዚያ ትንሽ ዓለም ውስጥ ሰዎች ሕግ አውጥተው፣ በሕጉ ተስማምተው፣ በሕጉ ሥር ሆነው ይደክማሉ፤ ይሸነፋሉ፤ ያሸንፋሉ። ስለዚህ ደንብ ሲለወጥ ሰው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ጨዋታን ቢመረምር ብዙ ይማራል።

ለምሳሌ ይሆነኝ ዘንድ የመረጥሁት በኮምፒውተር የሚካሄደውን የጠፈር ጨዋታ ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት አለኝ። በገሃዱ ዓለም ድንጋይ ወደ ምድር የሚወድቀው ሰው ስላዘዘው አይደለም። በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ግን ድንጋዩ የሚወድቀው አንድ ሰው «ውደቅ» ብሎ ስለ ጻፈ ነው። የፀሐይ ስበት፣ የመንኮራኩር ፍጥነት፣ የጥይት ርቀት፣ ሁሉም በሰው እጅ የተጻፈ ደንብ ነው። ስለሆነም የደንብ ለውጥ የሚያስከትለው ውጤት እንደዚህ ባለ ጨዋታ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጐልቶ ይታያል። በዚህ ድርሰት ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስባችሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ታሪኩን ከመነሻው እንጀምር። በ1961 መገባደጃ ገደማ በአሜሪካ አገር የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፒዲፒ-1 የተባለ አዲስ ኮምፒውተር ደረሰው። መሣሪያው እንደ ቁም ሣጥን የቆሙ ብዙ ክፍሎች ሲኖሩት ዋጋውም ከ100,000 ዶላር በላይ ነበር። ችሎታው ግን ዛሬ በኪሳችን ከምንይዘው ስልክ ጋር ሲነጻጸር ከኢምንት የሚቈጠር ነው። የሆነ ሆኖ በዚያ ዘመን ብርቅ የነበረ አንድ ነገር ነበረው፤ ይኸውም የብርሃን ነጥቦችን የሚያሳይ ክብ መስኮት ነው።

ስቲቭ ራስል፣ ማርቲን ግሬትዝና ዌይን ዊታነን የተባሉ ሦስት ወጣቶች የዚህን መሣሪያ ችሎታ ለሰው የሚያሳይ አንድ ነገር ለመሥራት አሰቡ። የሚሠራው ነገር ኮምፒውተሩን እስከ አቅሙ ድረስ የሚያሠራ፣ በታየ ቍጥር አዲስ የሚሆንና ተመልካቹን ዝም ብሎ የማያስቀምጥ እንዲሆን ፈለጉ። ይህን ሁሉ የሚያሟላው ደግሞ ጨዋታ ሆኖ ተገኘ። ከሦስቱ መካከል ፕሮግራሙን የጻፈው ራስል ሲሆን ጨዋታው በ1962 መጀመሪያ ላይ ለመሠረታዊ ጨዋታ በቃ። ስሙንም «ስፔስዎር» አሉት፤ የጠፈር ጦርነት ማለት ነው።

የጨዋታው አሠራር ቀላል ነበር። በመስኮቱ ላይ ሁለት መንኮራኩሮች ይታያሉ። አንዷ ቀጭን ስለሆነች «መርፌ»፣ ሌላዋ ሰፋ ያለች ስለሆነች «ሽብልቅ» ተባሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች መንኮራኩሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ነዳጅ አቃጥሎ ወደፊት ይገፋል፤ ቶርፔዶ ይተኵሳል። ነዳጁም ቶርፔዶውም በልክ የተሰጠ ነው። በጠፈር ውስጥ የሚያስቆም ነገር ስለሌለ አንድ ጊዜ የተገፋች መንኮራኩር በተቃራኒው አቅጣጫ ካልተገፋች በቀር መንሳፈፏን አታቆምም። እንግዲህ ተጫዋቹ እጁን ብቻ ሳይሆን አሳቡንም ማሠልጠን ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። የዚህ ጨዋታ ፕሮግራም የተጻፈበት የተበሳ የወረቀት ጥቅል በቍልፍ አልተዘጋበትም። የሚችል ሁሉ አውጥቶ ሊያነብበው፣ ሊያርመው፣ ሊጨምርበት ይችል ነበር። አንዱ የሠራውን ጨዋታ ሌላው ወስዶ ሲለውጠው ተጫዋቾች ዛሬ «ሞድ» ይሉታል። ስሙ ኋላ የመጣ ይሁን እንጂ ሥራው በዚያች ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ የትኛው ለውጥ ተጫዋቾችን እንዳስደሰተ፣ የትኛውስ እንዳስከፋ ከዚህ ታሪክ መማር እንችላለን።

የመጀመሪያው ለውጥ የሰማዩ ለውጥ ነው። ራስል ከመንኮራኩሮቹ በስተኋላ ነጥቦችን እንዲያው በዘፈቀደ በትኖ ነበር። ፒተር ሳምሰን የተባለ ጓደኛው ይህን አልወደደውም፤ የሰማይን ካርታ ተመልክቶ እውነተኞቹን ከዋክብት በየቦታቸው፣ ደማቁን ደማቅ፣ ፈዛዛውን ፈዛዛ አድርጎ ጻፈ። ይህ ለውጥ ከደንቡ አንዳች አልነካም። ነገር ግን ተጫዋቹ በባዶ ጨለማ ውስጥ ሳይሆን በሚያውቀው ሰማይ ሥር የሚበር መስሎ እንዲሰማው አደረገው።

ሁለተኛው ለውጥ ከዚህ የበለጠ ነበር። ዳን ኤድዋርድስ የተባለው በመስኮቱ መካከል አንዲት ፀሐይ አስቀመጠ፤ ስበትም ሰጣት። ከዚያ በፊት ሁለቱ መንኮራኩሮች በባዶ ጠፈር ውስጥ እየተንሳፈፉ ይታኰሱ ነበር። ፀሐይዋ ከመጣች በኋላ ግን ሁለቱም ወደ እርሷ መሳብ ጀመሩ። ሰነፉ ተጫዋች ተስቦ ይቃጠላል፤ ብልኁ ግን ስበቱን እንደ ወንጭፍ ተጠቅሞ ዞሮ ጠላቱን ከበስተኋላ ይመታል። ጠላት የነበረችው ፀሐይ ለሚያውቃት ረዳት ሆነች። በዚህ አንድ ለውጥ ጨዋታው ከዓይን ፍጥነት ወደ አእምሮ ጥበብ ከፍ አለ።

ሦስተኛው ግሬትዝ የጨመረው ማምለጫ ነው። በጭንቅ ላይ ያለ ተጫዋች አንዲት ቍልፍ ሲነካ መንኮራኩሩ ከዓይን ትሰወርና በሌላ ቦታ ብቅ ትላለች። እስቲ አስቡት፤ ይህ ማምለጫ ዋጋ የማያስከፍል ቢሆን ኖሮ ማን ይዋጋ ነበር? ሁሉም ይሸሽ ነበር። ስለዚህ የመሰወሩ ቍጥር በልክ ተደረገ፤ የት ብቅ እንደሚሉም አስቀድሞ አይታወቅም፤ ደግሞም ብቅ ሲሉ የመፈንዳት አደጋ ተጨመረበት። በመሆኑም ማምለጫው የፈሪ መሸሸጊያ መሆኑ ቀርቶ የተጨነቀ ሰው ምርጫ ሆነ።

አራተኛው ለውጥ ከፕሮግራሙ ውጭ ነው። በመጀመሪያ ተጫዋቾቹ የሚጫወቱት በኮምፒውተሩ ገበታ ላይ ባሉት ማብሪያና ማጥፊያዎች ነበር። ይህም ክንድን የሚያደክም ከመሆኑም በላይ አንደኛው ተጫዋች መስኮቱን ከሌላው አሻሽሎ እንዲያይ ያደርግ ነበር። አላን ኮቶክና ቦብ ሳውንደርስ ይህን አይተው በእጅ የሚያዙ ሁለት ትንንሽ የመቈጣጠሪያ ሣጥኖች ሠሩ። ከሁሉ የሚያስገርመው የመተኰሻው ቍልፍ ድምፅ እንዳያሰማ ተደርጎ መሠራቱ ነው፤ ሲጫኑት ቀጭ ቢል ኖሮ ተቃዋሚው ሰምቶ ይጠነቀቅ ነበርና። በዚህ ለውጥ ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ሆኑ። እኩልነት በሌለበት ያሸነፈው ድሉን አያጣጥመውም፤ የተሸነፈውም ሽንፈቱን አይቀበለውም።

እነዚህ አራቱ የተወደዱ ለውጦች ናቸው። በአንጻሩ ያልተወደደውን ደግሞ እንመልከት። ራስል እውነተኛ ጦርነትን ለመምሰል ሲል ቶርፔዶዎቹ አልፎ አልፎ ከታለሙበት መስመር ዝንፍ እንዲሉ አድርጎ ነበር። በመሠረቱ አሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም፤ በገሃዱ ዓለም የሚሳሳት መሣሪያ ሞልቷልና። ተጫዋቾቹ ግን አልወደዱትም። አንዱ በትክክል አልሞ ይስታል፤ ሌላው ሳያልም ይመታል፤ ማንም በጥበቡ አሸነፍሁ ለማለት አይችልም። ለውጡ ብዙም ሳይቈይ ተወገደ፤ ቶርፔዶዎቹም እንደገና ቀጥ ብለው መሄድ ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ተጫዋቾቹ እውነታን ስለማይወዱ ነው» ሊል ይችላል። መልሱን ከዚያው ከጨዋታው እናገኘዋለን። ፀሐይዋ ከገባች በኋላ መንኮራኩሮቹን ስትስብ ቶርፔዶዎቹን ግን አትስብም ነበር። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሁሉንም ስበት በአንድ ጊዜ ለማስላት አቅም አነሰው። ይህ ከተፈጥሮ ሕግ የራቀ ነው፤ ሆኖም ተጫዋቾቹ ቶርፔዶዎቹ ከብርሃን የተሠሩ ናቸው ብለው ራሳቸው ምክንያት ፈጠሩለትና ያለ ቅሬታ ተጫወቱበት። ልዩነቱን ልብ በሉ። ዝንፍ የሚለው ቶርፔዶ ከእውነት የቀረበ ነበር፤ ግን አይታመንም። በስበት የማይሳበው ቶርፔዶ ከእውነት የራቀ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ይታመናል። ሰዎቹ የመረጡት የሚታመነውን ነው።

እኔ ራሴ ይህን ነገር በዓይኔ ለማየት ፈልጌ ነበር። ያ ጥንታዊ ፕሮግራም ዛሬ በተራ ኮምፒውተር ላይ እንደገና እንዲሠራ ተደርጓል፤ ፀሐይዋን ማጥፋት የሚያስችለው የቀድሞው መቀየሪያም አብሮት አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከሆነው ከእኅቴ ልጅ ጋር ተቀመጥሁ። ልጁ በዘመኑ ጨዋታዎች እጁ የተፍታታ ነው። በመጀመሪያ ፀሐይዋን አጥፍተን ተጫወትን። አሳደደኝ፤ ሸሸሁ፤ በመስኮቱ በአንድ በኩል ወጥቼ በሌላው በኩል ገባሁ፤ እርሱም እንዲሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማዛጋት ጀመረ።

ቀጥሎ ፀሐይዋን አበራኋት። ልጁ ሦስት ጊዜ በተከታታይ እየተሳበ ተቃጠለ። የሚበሳጭ መስሎኝ ፊቱን ባየው ይስቃል። በአራተኛው ጊዜ ትንሽ ገፋ አድርጎ ፀሐይዋን መዞር ቻለ። ሊመሽ ሲል ስበቱን ተጠቅሞ እኔ በማላየው በኩል እየዞረ ይመታኝ ጀመር። «አሁን ገና ጨዋታ ሆነ!» አለ። እኔም «ፀሐይዋ አንድ ጊዜ የምትስብ፣ ሌላ ጊዜ ሳይታሰብ የምትተው ብትሆንስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ጥቂት አሰበና «ጋሼ፣ እንዲያማ ከሆነ ምኑን እማረዋለሁ?» ሲል መለሰልኝ።

በእኔ አስተያየት የጉዳዩ ቍልፍ ያለው በዚህ በልጁ መልስ ውስጥ ነው። የተጫዋች ደስታ ከድል ብቻ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ የተቃጠለው ልጅ ባልሳቀ ነበር። ደስታው የመነጨው ከመማር ነው። ትናንት ያልቻለውን ዛሬ መቻሉን፣ እጁ ከአእምሮው ጋር መስማማቱን፣ ድካሙ ፍሬ ማፍራቱን ሲያይ ሰው ሐሤት ያደርጋል። ይህ ሊሆን የሚችለው ግን ደንቡ ሲጸና ነው። ውኃ አንድ ቀን የሚያሰጥም፣ ሌላ ቀን የማያሰጥም ቢሆን ዋና የሚማር አይገኝም ነበር። ስለዚህ አዲስ ነገር የሚያስተምረው ለውጥ ተጫዋቹን ያስደስተዋል፤ የተማረውን ከንቱ የሚያደርግበት ለውጥ ግን ያሳዝነዋል። ፀሐይዋ የመጀመሪያው ዓይነት ናት፤ የሚስተው ቶርፔዶ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ይህ እውነት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ገበጣ ስትጫወቱ ደንቡ ከአገር አገር፣ ከመንደር መንደር እንደሚለያይ ታውቁ ይሆናል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ስታገኙ ጠጠር ከመቈጠሩ በፊት «በናንተ አገር እንዴት ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። በስምምነት እስከ ተጀመረ ድረስ በየትኛውም ደንብ ቢሆን ጨዋታው ይጥማል። ነገር ግን አንዱ ሊሸነፍ ሲል በመካከል ደንብ ልለውጥ ቢል ጠጠሩ ይበተናል፤ ጨዋታውም በጠብ ያልቃል።

እስካሁን የተናገርነው በአንዲት ክፍል ውስጥ ስለሚተዋወቁ ጓደኞች ነው። ጨዋታው በዓለም ዙሪያ የተበተኑ፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች አብረው የሚጫወቱት ሲሆንና ደንቡን የሚለውጠው አንድ ድርጅት ሲሆንስ? ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች ላቅርብላችሁ።

በሰኔ 2003 በአሜሪካ አገር «ስታር ዎርስ ጋላክሲስ» የተባለ ጨዋታ ለሕዝብ ቀረበ። ጨዋታው በታወቁት የስታር ዎርስ ፊልሞች ዓለም ላይ የተመሠረተ ሲሆን በ2004 ተጫዋቾች መንኮራኩር እያበረሩ በጠፈር የሚዋጉበት ክፍል ተጨምሮበታል። የዚህ ጨዋታ ልዩ ጠባይ ተጫዋቹ ተዋጊ ብቻ እንዲሆን አለመገደዱ ነው። ከ30 በላይ ሙያዎች ነበሩ። የፈለገ ልብስ ይሰፋል፤ የፈለገ ምግብ ያዘጋጃል፤ ሌላው በመጠጥ ቤት ሙዚቃ ይጫወታል ወይም ይጨፍራል፤ ሌላው አውሬ አላምዶ ይነግዳል። ተጫዋቾች ቤት ሠርተው፣ ከተማ ቈርቍረው፣ ከንቲባ መርጠው ይኖሩ ነበር። ጄዳይ የተባለው ባለ ልዩ ኃይል ተዋጊ ለመሆን ደግሞ እጅግ ረጅም ድካም ይጠይቅ ስለ ነበር ጥቂቶች ብቻ ይደርሱበት ነበር።

በኅዳር 2005 ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ሶኒ ኦንላይን ኢንተርቴይንመንት፣ የጨዋታውን ደንብ ከሥር መሠረቱ ለወጠው። ሙያዎቹ ሁሉ ተጨፍልቀው ዘጠኝ ብቻ ሆኑ። የውጊያው ሥርዓት ተገልብጦ የእጅ ፍጥነት የሚጠይቅ ተኵስ ሆነ። ቀድሞ በብዙ ድካም የሚደረስበት ጄዳይነት ማንም ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚመርጠው ሙያ ሆነ። የድርጅቱ ዓላማ ጨዋታውን ቀላልና ፈጣን አድርጎ አዳዲስ ተጫዋቾችን መሳብ ነበር። የቀድሞው ሥርዓት ለጀማሪ አስቸጋሪ እንደ ነበር አይካድም።

አሁን ራሳችሁን በአንድ ተጫዋች ቦታ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ለሁለት ዓመት ያህል በየምሽቱ አውሬ ማላመድን ተምራችኋል። የአውሬዎቻችሁን ጠባይ ለይታችሁ አውቃችኋል፤ ሰዎችም በዚህ ሙያ ስማችሁን ያውቁታል። አንድ ቀን ማለዳ ስትመለሱ ሙያችሁ ከነስሙ የለም። ያሸነፋችሁ ባላጋራ ቢኖር ታግላችሁ ትመልሱት ነበር፤ ነገር ግን ባላጋራ የለም፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። ብዙ ተጫዋቾች ያዘኑት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎቹም ጨዋታውን ጥለው ሄዱ። ይመጣሉ ተብለው የተጠበቁት አዲሶች ግን የሄዱትን አልተኩም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። ጨዋታው በታኅሣሥ 2011 ተዘጋ። ከወዳጆቹ አንዳንዶቹ ግን በራሳቸው ጊዜና ድካም፣ ያለ ደመወዝ፣ ከለውጡ በፊት የነበረውን ዓለም እንደገና ለመሥራት ለብዙ ዓመታት ደክመዋል። ሰው የተማረውንና የወደደውን ነገር በቀላሉ እንደማይተው ይህ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ «ኢቭ ኦንላይን» የተባለው በአይስላንድ አገር በሲሲፒ ድርጅት የተሠራ የጠፈር ጨዋታ ነው። ይህም በ2003 የተጀመረ ሲሆን ተጫዋቾች ሁሉ በአንድ ሰፊ ጠፈር ውስጥ መንኮራኩር ይሠራሉ፤ ይነግዳሉ፤ ኅብረት መሥርተው ይዋጋሉ። በሰኔ 2011 ድርጅቱ አንድ ለውጥ አወጣ። ተጫዋቾች የጠበቁት የመንኮራኩሮቹን መሻሻል ሲሆን የቀረበላቸው ግን በዋናነት ገጸ ባሕርያቸው የሚቆምበት ክፍልና በገንዘብ የሚገዛ ጌጣጌጥ ሆነ። ከጌጣጌጡ መካከል ዋጋው 60 ዶላር ያህል የሆነ የአንድ ዓይን መነጽር ይገኝበት ነበር። ተጫዋቾቹን ያስቈጣው ግን ከመነጽሩ ይልቅ ነገ ደግሞ በጦርነት የሚያስበልጥ መሣሪያ በገንዘብ ይሸጣል የሚለው ሥጋት ነው። እንደዚያ ቢሆን በጥበብ የተገኘውን የበላይነት ባለ ገንዘብ በአንድ ቀን ይገዛዋል።

የተቃውሟቸው አኳኋን አስገራሚ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ባለችው ጂታ በተባለች የታወቀች የገበያ ስፍራ መንኮራኩሮቻቸውን አሰልፈው ሊፈርስ በማይችል ሐውልት ላይ በብዛት ተኰሱ። ሐውልቱን እንደማያፈርሱት ያውቃሉ፤ ዓላማቸው መሰማት ነበር። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ተጫዋቾች በድምፅ የሚመርጡት ምክር ቤት ስለ ነበረ ድርጅቱ የምክር ቤቱን አባላት ወደ ሬይክያቪክ ጠርቶ አነጋገረ። በጥቅምት 2011 የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሂልማር ቬይጋር ፔቱርሶን ጥፋቱን አምኖ ለተጫዋቾቹ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር የወጣው ቀጣይ ለውጥም ወደ መንኮራኩሮቹ የተመለሰ ነበር። ጨዋታው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዘለቀ።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጐን ለጐን ብናስቀምጣቸው ለውጥ ማምጣትም ሆነ መሳሳት ሁለቱንም ያመሳስላቸዋል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በአንደኛው ተጫዋቾቹ መናገሪያና ሰሚ ነበራቸው፤ በሌላኛው ግን የተወሰነው ጸና። ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እንደሚባለው፣ ሁለተኛው ድርጅት በምክር የተማረውን አንደኛው በመከራ ተማረው።

ይህን ሁሉ ስናገር «እንግዲያው ደንብ ምንጊዜም አይነካ» ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው የስፔስዎርን ፀሐይ መርሳት ይኖርበታል። ኤድዋርድስ «የራስል ሥራ አይነካም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው እንደ ባዶ ጠፈር በቀረ ነበር። ያልታደሰ ጨዋታ ይሰለቻል፤ ነባሮቹ ሁሉን አውቀው ስለሚጨርሱት ይተዉታል፤ አዲሶችም አይመጡም። ከዚህም በላይ ነባር ተጫዋቾች አንዳንድ ጊዜ ደንብን የሚያጠብቁት ፍትሕ ስለሆነ ሳይሆን እነርሱን ስለሚጠቅም ነው። ጀማሪ ፈጽሞ ሊገባበት የማይችል ጨዋታ በሩ ከውስጥ እንደ ተዘጋ ቤት ነው። ስለዚህ ለውጥ አድራጊው በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ መፍረድ አለበት፤ አንደኛው ትናንት የደከመው ነው፤ ሁለተኛው ነገ የሚመጣው ነው። ይህ ቀላል ፍርድ አይደለም።

ሆኖም ፍርዱን የሚያቀኑ ሦስት ጥያቄዎች ያሉ ይመስለኛል። የመጀመሪያው «ለውጡ የሚያቃልለው ችግር አለን?» የሚል ነው። የመቈጣጠሪያ ሣጥኖቹ የተሠሩት ክንድ ስለ ደከመና አንዱ ተጫዋች ስለ ተበደለ ነው። ችግር ሳይኖር የሚመጣ ለውጥ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሁለተኛው «ለውጡ ሰው በድካሙ ያገኘውን ያስቀርለታልን?» የሚል ነው። ፀሐይዋ ስትገባ መንኮራኩር ማዞርና ማለም የተማረ ሰው ትምህርቱ አልጠፋበትም፤ ተጨመረበት እንጂ። አውሬ አላማጁ ግን ሁሉንም አጣ። ሦስተኛው «በደንቡ ሥር የሚኖሩት ተጠይቀዋልን?» የሚል ነው። የስፔስዎር ወጣቶች ደንብ አውጪዎችም ተጫዋቾችም ራሳቸው ነበሩ፤ ማታ የለወጡትን በማግሥቱ ይጫወቱበታል፤ መጥፎ ሆኖ ካገኙት ያወጡታል። የሚስተው ቶርፔዶ ቶሎ የተወገደው ለዚህ ነው። አውጪውና ተጫዋቹ በተራራቁ መጠን መጠየቅ የግድ ይሆናል።

እናንተም ዛሬ ተጫዋቾች ናችሁ፤ ነገ ግን ደንብ አውጪዎች ትሆናላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፉ ይሆናል። የሚበዙት ደግሞ በክፍል ማኅበር፣ በስፖርት ቡድን፣ በዕድር ወይም በመሥሪያ ቤት ሌሎች የሚኖሩበትን ደንብ የምትለውጡበት ቀን ይመጣል። በዚያን ጊዜ በወረቀት ላይ አንዲት መስመር መሰረዝ ቀላል ነው። ከዚያች መስመር በስተኋላ ግን እርሷን አምኖ ዓመታት የደከመ ሰው ሊኖር ይችላል። ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ያን ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩት።